ከላይ ደረቅ፣ ከታች ሳሙና

መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ዛሬ በአንድ ቀን ገቡ። ጅግጅጋ ውስጥ ዛሬ ምሳ የበላ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ ደፋር። ወርክሾፓችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን፤ ሦስታችንም ጾመኞች። የፕሬሱ፣ ላሜራ እየተጫነ ቅርጽ የሚያስይዘው ማሽን፣ ኦፕሬተር በኃይሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠራው ዐብዲራሺድ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪባል ነው። እኔ ደግሞ እንደ አቅሜ። አቅሜ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል መሆኑን ለበኃይሉ አልነገርኩትም፤ አለቃው ነኝ፣ ማፈር አለብኝ።

አቶ ከተማ ከድሬዳዋ ደወሉ። የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው የሚያስፈሩት። ዛሬ ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ፕሬሱ ከመስከረም ጀምሮ ያለ ሥራ ቆሞ ቤት አጣቧል አሉ። ወተት ነጋዴዎቹ ሴቶች ያዘዙትን ሦስት መቶ የአልሙኒየም ጣሳ ከዒድ በፊት ካስረከብን ፕሬሱ ጅግጅጋ ይቀራል። ካላስረከብን መኪና ላይ ተጭኖ ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ ይሄዳል፤ እዚያ ፈላጊ አለው። ፈላጊው ደግሞ ማሽኑን ከነኦፕሬተሩ ነው የሚፈልገው።

ስልኩ ክፍት ስለነበር በኃይሉ ሁሉንም ሰማ። ማበጠሪያውን አውጥቶ ፀጉሩን አበጠረ። ሰውየው ቤት ቢቃጠልም መጀመሪያ የሚያበጥር ይመስለኛል።

ይሂድ። ኦፕሬተር ሞልቷል። የሚያሳስበኝ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ከሄደ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ወርክሾፑ ከተዘጋ ናዝሬት ከተማ እህቴ ቤት ነው የምገባው። እህቴ ደግሞ ገና በር ላይ ቦርሳዬን ሳትቀበለኝ "አሁንስ ምን አሰብሽ?" ትለኛለች። ምን እንደማስብ እሷ ቀድማ አስባ፣ ስሙንም መልኩንም መርጣ ጨርሳለች። ሚስቱ የሞተችበት የእህል ነጋዴ ነው።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

አምስት ሞከርን። አራቱ ተቀደዱ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሞልዱ ሁለት ነው፤ ከላይ የሚወርደው ወንዴ፣ ከታች ጉድጓድ ያለው ሴቴ። በክብ የተቆረጠውን ላሜራ መሀላቸው ታስቀምጠዋለህ፣ ዳሩን ቀለበቱ ይይዘዋል፣ ወንዴው ወርዶ ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል። ላሜራው ከዳር እየተንሸራተተ ከገባ ጣሳ ይሆናል። ዳሩ ላይ ተጣብቆ አልገባም ካለ ወንዴው መሀሉን በስቶት ያልፋል። ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ ሆድ ያባባል፣ በተለይ ባዶ ሆድ።

ነጋዴዎቹ አልሙኒየም የፈለጉበት ምክንያት አላቸው። የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ መታጠን አለበት፤ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የገባ የግመል ወተት እዚህ አገር ማንም አይገዛም። ቢጫው ጀሪካን ደግሞ ፍም ሲያይ ይቀልጣል።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

የዛሬውን ጭቅጭቅ ልጻፈው፤ ሌላ ቀን ሳነበው የሚያስቀኝ ይመስለኛል። አሁን ግን አያስቅም።

በተቃጠለ ዘይት መቀባት እንደማያዋጣ ሁላችንም ተስማምተናል። ዘይት ፈሳሽ ነው፤ ፕሬሱ ሲጫነው ከመሀል ሾልኮ ይወጣና ብረት ከብረት ይፋጫል። የሚያስፈልገን ደርቆ ላሜራው ላይ የሚቀር፣ ሲጫኑት የማይሸሽ ስስ ሽፋን ነው። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ናዝሬት ኮሌጅ የተማርኩት ለከንቱ አልነበረም።

ዐብዲራሺድ ወዲያው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጣ። የግመል ሻኛ ስብ ነው፤ ለጉልበቱ ሕመም የሚታሸው። እንደ ሰም የረጋ ነው። ከዚህ የተሻለ ብረት የሚያንሸራትት ነገር ዓለም ላይ የለም አለ። በኃይሉ ቆርቆሮውን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በአዘቦት ቀን ግመል እንደማይነካ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ጭራሽ በሚያወራበት አፉ ስሙንም እንደማይጠራ ነገረን። ከዚያ እሱ ከኪሱ ጧፍ አወጣ። ንጹሕ የንብ ሰም ነው፣ ሽታ የለውም፣ በሙቅ ጨርቅ ቢቀባ ስስ ሆኖ ይደርቃል አለ። ዐብዲራሺድ ተራውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ የተቀባ ጣሳ ለወተት ነጋዴዋ ለኢዶ (ለአክስት) ሂንዳ በረመዳን ሊሰጥ እንደማይችል፣ ሴትየዋ ቢሰሙ ከነጣሳው እንደሚያባርሩት ተናገረ።

እኩል ወደ ኋላ ስለሄዱ መሀል ላይ እኔና ፕሬሱ ብቻ ቀረን።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሁለቱም ቁርስ በልተው ቢሆን ኖሮ ግን በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

የመጻፊያ እርሳስ ፍሬ ፈጭተን በዱቄቱ ሞከርን። ተንሸራተተ! ሁለት ጣሳ ሳይቀደድ ወጣ።

ኢዶ ሂንዳ ከቀብሪበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። የወተት ነጋዴዎቹ አለቃ ናቸው፤ ከሚኒባስ ሲወርዱ ረዳቱ ራሱ ዕቃቸውን ይሸከማል። ጣሳውን አዩ፣ ወደዱት፣ የነጭ ሻሻቸውን ጫፍ ውስጡ አዞሩና አወጡት። ሻሹ የቶርኖ ጨርቅ መሰለ። "ይሄ ለከሰል ነው ወይስ ለወተት?" አሉ። ዐብዲራሺድ በሶማሊኛ ለረጅም ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ሳሙና።

እኔ ወሰንኩ። የልብስ ሳሙና ይፈቀፈቃል፣ በፈላ ውኃ ይሟሟል፣ በብሩሽ ላሜራው ላይ ይቀባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ነጭ ስስ ሽፋን ይሆናል። ሥራው ካለቀ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ራሱን በራሱ ያጥባል ማለት ነው። ሳሙና ሃይማኖት የለውም። ይህን ስናገር ሁለቱም ወደ ሥራቸው ዞሩ፤ መከራከሪያ ሲያጡ ደስ አይላቸውም።

በኃይሉ ይቀባል፣ ዐብዲራሺድ ሞልዱን ያለሰልሳል፣ እኔ እቆጣጠራለሁ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ግማሽ ድል። ዳሩ አሁን እንደ ቅቤ ይገባል። ነገር ግን ከታች፣ ጣሳው ታጥፎ ቂጥ በሚሆንበት ቦታ ላይ ይሳሳና ይቀደዳል።

በኃይሉ የሚቀባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ከሴቴው ጋር በሚገናኘው። ስንፍና ይመስለኛል። እነሱ ሲወጡ፣ አንዱ ለሶላት አንዱ ለቅዳሴ፣ እኔ ላሜራዎቹን ገልብጬ ላይኛውንም ፊት ቀባሁት። ወንዴውም ለስልሶ ይውረድ። የበዛ ሳሙና ማንን ጎዳ? ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰውን እያረሙ ማሳፈር አልወድም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ባሰበት። ከአሥር ስምንት ተቀደደ። ሳሙናው ሳይሳሳ አይቀርም። ነገ ላይኛውን ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ከአሥር ዘጠኝ።

ጥፋቱ የዐብዲራሺድ ነው፤ የሞልዱ ጠርዝ ስል ነው። ወይም የበኃይሉ ነው፤ ማሽኑን ቶሎ ያወርደዋል። ለሁለቱም ተናገርኩ። ዐብዲራሺድ በጣቱ ጠርዙን ዳሰሰና "ይሄ ስል ከሆነ ጢሜን በሱ እላጫለሁ" አለ። በኃይሉ ማበጠሪያውን አወጣ። ከበር ስወጣ ግን ለዐብዲራሺድ ሲናገር ሰማሁት፤ "አለቃ ሳሙና ስትወድ" አለው። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። እጄ ነጭ ነበር መሰለኝ።

ነገ ደግሞ ሦስተኛ እደርባለሁ።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ከትናንት ጀምሮ ዝናብ። የደረቀው ሽፋን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ላሜራዎቹን በላስቲክ ሸፈንን።

አቶ ከተማ በስልክ ደህንነቴን ጠየቁ። ሰው ደህንነትሽን ከጠየቀ በኋላ ዝም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በኃይሉን ደወሌ ሙቀቷ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ እንዲያው ለጨዋታ። "ከዚህ የባሰ ነው ይላሉ" አለ። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። ለምን እጠይቃለሁ?

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን ለደብተር እንጂ ለነፍስ አባት መንገር የሚከብድ ነው።

ኢዶ ሂንዳ በማለዳ መጡ፤ ከዓርቡ አሥር የተረፈችውን አንዲት ጣሳ ወስደው ቤታቸው አጥነው፣ የማለዳ ወተት ሞልተው ይዘዋት ነበር። በኃይሉ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፤ ዐብዲራሺድ ብረት ሊገዛ ወጥቷል። ሴትየዋ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ወተቱ ሳሙና ሳሙና ይላል ወይስ አይልም? እሳቸው ጾመኛ ናቸው። አብረዋቸው ያሉት ሴቶች ሁሉ ጾመኞች ናቸው። እስከ መግሪብ ደግሞ መጠበቅ አይችሉም፤ የቀብሪበያ ሚኒባስ ሞልቶ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፤ ማዘዙን ይቀጥሉ ወይ ይተዉ ዛሬ ለሴቶቹ መናገር አለባቸው።

"አንቺ ክርስቲያን ነሽ፤ ቅመሺልኝ" አሉኝ።

ክርስቲያን ብሆንም ጾመኛ መሆኔን፣ ጾሙ ባይኖርም ደግሞ ክርስቲያን የግመል ወተት እንደማይጠጣ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ አሰብኩ። እኔ ካልቀመስኩ ማንም አይቀምስም። ማንም ካልቀመሰ ትእዛዙ ይቀራል። ትእዛዙ ከቀረ ፕሬሱ ይሄዳል፣ ወርክሾፑ ይሄዳል፣ ሁሉም ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሳስብ ኩባያው እጄ ላይ ነበር።

ሳሙና የለውም። የጭስ ቃና አለው፣ ጨው ጨው ይላል፣ ቀዝቃዛ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሁለተኛ ኩባያ ጠጣሁ።

"ሀዬ፣ እሺ" አሉ ኢዶ ሂንዳ፣ "ሦስት መቶውን ጨርሺ።" ሄዱ።

በኃይሉ ሲመጣ ከንፈሬን አየው መሰለኝ። ሰው ሲያጠፋ ሁሉም የሚያየው ይመስለዋል።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ሆዴ። አልሄድኩም።

የግመል ወተት ላልለመደ ሆድ እንዲህ እንደሚያደርግ ጎረቤቴ ሙና ነገረችኝ። ቀድማ ብትነግረኝ።

ሥራው እዚያ እየተበላሸ ነው። እኔ ከሌለሁ ማን ይቀባል?

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ገባሁ። ገና በሩ ላይ አሥር ጣሳ ተደርድሯል፤ ደምቀው ያበራሉ። ትናንት አሥር ገፍተው አሥሩም ወጡ አሉኝ። አንድም አልተቀደደ። በኃይሉ እንደ ልማዱ በአንድ በኩል ቀባ፤ ሌላ የተጨመረ ነገር የለም።

"አንቺ ስትቀሪ ሰመረ" አለ ዐብዲራሺድ፤ ለመቀለድ ነው። በኃይሉ ጣሪያውን አየ።

ከጣሳዎቹ አንዱን ገልብጬ ውስጡን ዳሰስኩት። ወንዴው የነካው ፊት ደረቅ ነው፤ ወንዴው አጥብቆ ይዞት ወርዷል። የተንሸራተተው ዳሩ ብቻ ነው። ቂጡ አልሳሳም። ያኔ ገባኝ። ወንዴው ላሜራውን መያዝ አለበት፤ ከያዘው ቂጡ ሳይለጠጥ ሙሉውን ይዞት ይወርዳል። እኔ በየቀኑ እዚያ ላይ ሳሙና ስቀባ ወንዴው እየተንሸራተተ ያንኑ ቦታ እየለጠጠ ይቀደው ነበር። ሁለተኛ ስቀባ ባሰ፤ ሦስተኛ ብቀባ ላሜራው ገና ማሽኑን ሲያይ በተቀደደ።

ማለትም ቴክኒካዊ ችግር ነበር። ተለይቷል።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

ዛሬ ለሁለቱ ትምህርት ሰጠሁ። በጠመኔ ፕሬሱ ላይ ሥዕል ሠርቼ፣ ግጭት ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ፣ ከታች መንሸራተት ከላይ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ሁለቱም ፊት ከለሰለሰ ላሜራው ከመሀል እንደሚቀደድ አስረዳሁ። በኮሌጅ የተማርነው ነው አልኩ። ተምረነዋል እርግጠኛ ነኝ፤ ያን ቀን እኔ ቀርቼ ካልሆነ በቀር።

በኃይሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ "እንግዲህ ላይኛው ፊት ላይ ሳሙና የሚቀባ ሰው ካለ መቆም አለበት" አለ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አዎ፣ መቆም አለበት አልኩ።

ይህ ሰው ያናድደኛል።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ትናንት ስልሳ። ዛሬም ገባን፤ በኃይሉ ከቅዳሴ መልስ። ማሽኑ ሲወርድ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ከዚያ ጣሳው ብቅ ይላል። በዘጠኝ ሰዓት እኔና እሱ ሽሮ እንበላለን፤ ዐብዲራሺድ እንዳይሸተው ከጓሮ። ትንሽ እናወራለን። ስለ ሥራ ነው የምናወራው።

አቶ ከተማ የጣሳዎቹን ፎቶ ላኪልኝ አሉ፤ ላክሁ።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

አስረከብን። ሦስት መቶ። ኢዶ ሂንዳ ከሴቶቹ ጋር መጥተው አንድ በአንድ በጣታቸው እያንኳኩ ተቀበሉ። ከዒድ በኋላ ከነክዳኑ ሌላ ትእዛዝ እንዳላቸው ነገሩኝ። ዐብዲራሺድ ቶርኖውን ሳመው።

ደስታዬ ምሳ ሰዓት አልደረሰም። አቶ ከተማ ደወሉ፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ፎቶውን ለደወሌው ሰው ልከውለታል። ሰውየው እንዲህ የሚሠራ ፕሬስ ከሆነ ነገ ዛሬ አልልም ብሏል። ከነገ ወዲያ ሊያየው ይመጣል።

ከዒድ በፊት ካስረከብን ይቀራል ብለውኝ እንደነበር አስታወስኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱማ ማሽኑ የማይሠራ በመሰለኝ ጊዜ ነው፤ አሁን እኮ ዋጋ አለው" አሉ።

ባልሠራው ይሻል ነበር። ስንት ቀን በባዶ ሆድ የለፋሁት ለደወሌ ሰው ዕቃ ላሰማምር ነው። አለቀስኩ፤ ትንሽ።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

በኃይሉ አላበጠረም ዛሬ። እንዴት አወቅኩ? ፀጉሩ ቆሞ ነበር፣ ማንም ያየዋል።

ለሰውየው የሚታዩትን ሦስት ላሜራዎች አዘጋጅቶ፣ ከታች በሥርዓቱ ሳሙና ቀብቶ ለነገ አደረቃቸው። ጥሩ አድርጎ ቀባ። በጥሩ ሁኔታ ሊሸጠን ነው ማለት ነው። ሄዶ ድንበር ላይ ያለ ጉምሩክ ከተማ ይኑር። ደመወዙም ሳይሻል አይቀርም። እኔ አንድም ቃል አልናገረውም፤ ሰው የሚሻለውን ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ላሜራ እንዴት እንደሚቀደድ በዚህ አገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ብሩሼ ንጹሕ ነው። ነገ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

በማለዳ ዘበኛው እየተዛጋ ከፈተልኝ። የሳሙና ውኃዬን በቴርሞስ ይዤ ነበር። ላሜራዎቹ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ናቸው፣ በጨርቅ ተሸፍነው። ጨርቁን ገልጬ ላይኛውን ፊት ስነካው ጣቴ ሾለከ። ተቀብቷል። ሦስቱም። ስስ ተደርጎ፣ እኩል ተደርጎ፣ ዓይን በማያየው መንገድ። አሸተትኩት፤ የግመል ስብ ነው።

ዐብዲራሺድ። ሳቄ መጣ፤ ሞኝ የመሰለኝ ሰው። እሱም እንጀራው እዚሁ ነው፣ እሱም ትምህርቴን ሰምቶ ነበር። ሳሙናዬን አልቀባሁም፤ ከእሱ በላይ አልቀባም። ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩና ቴርሞሴን ይዤ ወጣሁ፤ እንደ አዲስ ዘግይቼ ገባሁ።

አቶ ከተማና ገዢው በአራት ሰዓት መጡ። አቶ ይሁን ይባላል፤ ወፍራም፣ ጨዋ ሰው፣ ማሽኑን እንደ በሬ ዞሮ ዞሮ አየው። ትሪ ሊያመርትበት ነው። አቶ ከተማ ለበኃይሉ አሳየው አሉት። በኃይሉ የመጀመሪያውን ላሜራ አስገባ፣ ማሽኑን በእርጋታ አወረደ። ቂጡ ተበጥሶ እንደ ሳንቲም ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛው፣ እንደዚያው። በሦስተኛው ጊዜ አቶ ከተማ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰሞኑን ሦስት መቶ ሠርቶ የለም እንዴ?" አሉ ወደ እኔ ዞረው። በስንት መከራ እንደወጡ እግዜር ያውቃል አልኩ። ውሸት አይደለም።

አቶ ይሁን በኃይሉን ጠየቀው፤ ማሽኑ ምን ሆኖ ነው አለ።

"አመል አለው" አለ በኃይሉ። "አመሉን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።"

"አንተ ታውቀው የለ። አብረህ ትመጣለህ ነው የተባልኩት።"

"እኔ አልሄድም።"

በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያለው። ወደ እኔ አላየም፤ የማሽኑን ዘይት መለኪያ ነበር የሚያየው። እኔም መሬት አየሁ፤ መሬት ላይ ሦስት የተበጠሱ ቂጦች ነበሩ።

አቶ ይሁን አመለኛ ማሽን ያለ ሰው አልወስድም፣ ደወሌ ላይ አመል የሚችል ጊዜ የለም አለ። ደወሌ ሳይመሽበት ለመግባት ቶሎ ሄደ። አቶ ከተማ ማሽኑን እንደ ባለጌ ልጅ አዩትና፣ ማንም የማይወስደውን እንግዲህ አንቺው አሠሪው፣ የሴቶቹን ክዳን ጀምሩ ብለውኝ ወጡ። መኪናቸው እስኪርቅ ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዐብዲራሺድን አቅፌ ልስመው ነበር፤ ረመዳን ስለሆነ ተውኩት። ጎበዝ፣ ስቡ እንዴት ትዝ አለህ አልኩት። እሱ ግን ቆርቆሮውን ይዞ ተቆጥቶ ነበር የቆመው። "ዋርያ፣ እናንተ ሰዎች፣ የጉልበቴን መድኃኒት ማነው ግማሹን የጨረሰው?" አለ።

ዙሪያዬን አየሁ፤ በኃይሉ የለም። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

በኃይሉ በርሜሉ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን በአሸዋ እያሸ ነበር። ከክርኑ ጀምሮ ቀልቷል። ሎሚ ተጨምቆ መሬት ላይ ተጥሏል። በአዘቦት ቀን ግመል የማይነካው ሰው፣ በዐቢይ ጾም ስሙን የማይጠራው፣ ማታ ማንም ሳይኖር እጁን እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቷል። ጧፉ ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ ሳሙናውም ነበረ። ሳሙና ቢሆን ገዢው ነጩን ያየዋል፣ ጧፍ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንም፤ እንዲህ አስቦ መሆኑን ሳይነግረኝ ገባኝ።

ጆግ ቀድቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ውኃ አፈሰስኩለት። እጁን ዘረጋ። ጆጉ ሲያልቅ ደግሜ ቀዳሁ።

"አይለቅም" አለ። "እስከ ትንሣኤ የሚለቅ አይመስለኝም።"

ላጽናናው ፈለግሁ። የምናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ።

"እኔ ወተቱን ጠጥቻለሁ" አልኩት። "የግመሉን።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"ለዚያ ነው የታመምሽው?"

"አዎ። ሁለት ኩባያ።"

"ሁለት?"

"አንዱ ለማረጋገጥ ነው።"

መጀመሪያ ሊቆጣኝ ነበር፤ ሞከረ። ከዚያ ሳቁ አሸነፈውና ግንባሩን በርሜሉ ላይ አስደግፎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ጆጉ ሙሉ በሙሉ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ደስ ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ አለመሄዱ ደስ ብሎኛል፣ ከፕሬሱ በላይ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን አወጣሁ። እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ መልሶ አወረደው፤ በዚህ እጅ አልበላም አለ። ስለዚህ እኔ አጎረስኩት። እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ እኔው ነኝ ያጎረስኩት። መሳቢያዬ ውስጥ ማንኪያ እንዳለ አልነገርኩትም።